ዝናብ ሳይጠፋ የሚደርስ ድርቅ፦ ከየካና ከእንጦጦ ተዳፋት የሚገኝ ትምህርት

መግቢያ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ወሎ የሚጓዝ የዕርዳታ ሠራተኛ በኮተቤና በካራ በኩል ሲወጣ የየካን ኮረብታ በስተግራው ይተወዋል። ኮረብታው በባሕር ዛፍ የተሸፈነ፣ በክረምት ጉም የሚያለብሰው በመሆኑ የድርቅ ሐሳብ በዚያ ላይ አያርፍም። ድርቅ ያለው ከፊት፣ መንገዱ በሚያደርስበት አገር ነው ተብሎ ይታለፋል። ይህም አስተሳሰብ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። በ1965 ዓ.ም. በወሎ፣ በ1977 ዓ.ም. ደግሞ በወሎ፣ በትግራይና በሰሜን ሸዋ የደረሰው ዕልቂት ድርቅ ማለት የሰማይ መድረቅ ነው የሚለውን ሐሳብ በባለሥልጣኑም በባለሙያውም ዘንድ አጽንቶታል። ስለሆነም አንድ ወረዳ ለድርቅ የተጋለጠ መሆን አለመሆኑ አብዛኛውን ጊዜ የሚመዘነው በዓመት በሚያገኘው የዝናብ መጠን ነው።

በዚህ ሚዛን ብቻ ከተመዘነ የካና እንጦጦ ከስጋት ነፃ ናቸው፤ አዲስ አበባ በዓመት በአማካይ ወደ 1,200 ሚሊሜትር የሚጠጋ ዝናብ ታገኛለችና። ሆኖም በዚሁ ተዳፋት ላይ የቀበና ወንዝ በሐምሌና በነሐሴ ደፍርሶና ሞልቶ ይወርዳል፤ በየካቲት ግን ከድንጋይ ሥር የሚንሸራተት ቀጭን ጅረት ሆኖ ይገኛል። ውሃው ጠፍቶ ሳይሆን በወረደበት ወቅት ሳይያዝ አምልጦ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የአየር ንብረት ለውጥ እርሻን፣ ምግብንና የገጠር ኑሮን የሚጎዳው በየትኛው መንገድ እንደሆነ ለብዙዎች ቅርብ በሆነ በአንድ ቦታ ምሳሌነት ማስረዳት ነው። ከዚህም የሚገኘው ዋና ትምህርት ድርቅ የሚለካው ከሰማይ በወረደው ውሃ ብቻ ሳይሆን መሬቱ ባስቀረው ውሃ ጭምር መሆኑ ነው።

1. የቦታው አቀማመጥ

የእንጦጦ ተራራ ከባሕር ጠለል በላይ እስከ 3,200 ሜትር ገደማ ይደርሳል። የየካ ኮረብታም የዚሁ ሰንሰለት የምሥራቅ ክንፍ ነው። ሰንሰለቱ የሁለት ታላላቅ ወንዞች ውሃ ከፋይ በመሆኑ በሰሜን ፊቱ ላይ የወረደው ዝናብ በሱሉልታ ሜዳ አልፎ ወደ ሙገር፣ ከዚያም ወደ ዐባይ ይገባል። በደቡብ ፊቱ ላይ የወረደው በቀበናና በሌሎች ጅረቶች አድርጎ ወደ አቃቂ፣ ቀጥሎም ወደ አዋሽ ይሄዳል። አዋሽም ቆቃን ሞልቶ፣ የአፋርን ቆላ አቋርጦ፣ ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ ይቀራል። ስለዚህ በዚህ ሰንሰለት አናት ላይ የታጠበ አፈር የገበሬውን ማሳ ከማራቆቱም በላይ የቆቃን ግድብ በደለል ለመሙላት የበኩሉን ድርሻ ያበረክታል፤ ውሃውን የሚጠብቀውን የታችኛውን አርብቶ አደርም ይነካል።

ከከተማው ጫፍ ባሻገር ያለው ገበሬ ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላና አተር ያመርታል። ዝቅ ባለው ጥቁር አፈር ላይ ጤፍ፣ ምስር፣ ሽምብራና ጓያ ይዘራል። በሱሉልታ በኩል ያለው ደግሞ ወተትና ድርቆሽ ለአዲስ አበባ ያቀርባል። እነዚህ ሁሉ ሥራዎች በዝናብ መግቢያና መውጫ ቀን ላይ የተመሠረቱ ናቸው።

2. የሙቀቱ መጨመርና የደጋው መጥበብ

በኢትዮጵያ ከ1952 እስከ 1998 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ውስጥ አማካዩ የአየር ሙቀት በ1.3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንደ ጨመረ የአየር ጠባይ መዛግብት ያሳያሉ። ይህ አኃዝ ላይ ላዩን ሲታይ አነስተኛ ይመስላል። ቆላና ደጋ በሚለያዩበት አገር ግን ትርጉሙ ከባድ ነው። እንደሚታወቀው ከፍታ በ100 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀት በግምት በ0.6 ዲግሪ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት መሠረት የ1.3 ዲግሪ ጭማሪ ማለት አንድ ገበሬ አባቱ ያርስበት የነበረውን አየር ለማግኘት ወደ 200 ሜትር ያህል ሽቅብ መውጣት ይኖርበታል ማለት ነው።

በተለመደው አከፋፈል ከ2,300 እስከ 3,200 ሜትር ያለው ደጋ፣ ከዚያ በላይ ያለው ውርጭ ይባላል። የካ በሙሉ በደጋው ክልል ውስጥ ሲሆን የእንጦጦ ጫፍ ውርጩን ይነካል። ሙቀቱ እየጨመረ ሲሄድ የወይና ደጋው ሰብል ወደ ላይ ይወጣል፤ ብርድ የሚወደው ገብስ ደግሞ ከፊቱ ይሸሻል። ተራራው ግን መጨረሻ አለው። ከ3,200 ሜትር በላይ ገብሱ የሚሸሽበት መሬት የለም፤ ያለውም ቢሆን ሾጣጣና ዐለታማ በመሆኑ ከታች የተለቀቀውን ስፋት ሊተካ አይችልም።

በአንዳንድ ቦታ ውርጭ በመቀነሱ ቀድሞ የማይበቅለው ሰብል መብቀል መጀመሩ ጥቅም መስሎ ይታያል፤ ለጥቂት ዓመታትም ጥቅም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ከሰብሉ ጋር ተባዩና በሽታውም አብረው ይወጣሉ። በቢሾፍቱ አካባቢ በተደረገ ጥናት በሞቃት ዓመታት ወባ ወደ ከፍተኛ ቦታዎች እንደሚወጣ፣ በቀዝቃዛ ዓመታትም እንደሚመለስ ታውቋል። በደጋ የሚኖር ሕዝብ በሽታውን ስለማያውቀው ጉዳቱ በእሱ ላይ ይበረታል።

3. የዝናቡ አኳኋን መለወጥ

በጠቅላላው የኢትዮጵያ ዓመታዊ ዝናብ ላይ ለሁሉም አካባቢ የሚሠራ አንድ ወጥ መቀነስ ወይም መጨመር ታይቷል ማለት አይቻልም፤ ከዓመት ዓመት ያለው መለዋወጥ ከፍተኛ ነውና። ሆኖም ከ1960ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በአንዳንድ የአገሪቱ ክፍሎች የበልግና የክረምት ዝናብ ከ15 እስከ 20 በመቶ ቀንሷል። በተለይ በልግ ሲስተጓጎል የሰሜን ሸዋና የደቡብ ወሎ ደጋዎች ክፉኛ ይጎዳሉ። በእነዚህ ቦታዎች በየካቲትና በመጋቢት የሚዘራው ገብስ የቤተሰቡ ዋነኛ ምርት ነው። ክረምቱ ብርድ የሚበዛበትና መሬቱ ውሃ የሚቋጥርበት በመሆኑ በልግን ሊክስ አይችልም።

በክረምትም ቢሆን የዝናቡ አወራረድ ይለወጣል። የሞቀ አየር ብዙ እንፋሎት ይይዛል፤ ለእያንዳንዱ 1 ዲግሪ ጭማሪ የመያዝ ችሎታው በ7 በመቶ ያህል ያድጋል። በመሆኑም ዝናቡ ዘግይቶ ሊገባ፣ በመካከል ለቀናት ሊያቋርጥ፣ ሲወርድ ደግሞ በአንድ ጊዜ ሊወርድ ይችላል። የዓመቱ ድምር ሳይቀንስ የገበሬው ዕጣ የሚለወጠው በዚህ ጊዜ ነው።

ይህን በስሌት ማየት ይጠቅማል። በ1 ሔክታር መሬት ላይ የወረደ 1 ሚሊሜትር ዝናብ 10 ሜትር ኩብ ውሃ ነው። 30 ሚሊሜትር ቢወርድ 300 ሜትር ኩብ ይሆናል። ይህ መጠን በሦስትና በአራት ቀን ተከፋፍሎ በሣርና በቅጠል በተሸፈነ መሬት ላይ ቢወርድ አብዛኛው ወደ ውስጥ ሰርጎ በበጋ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። በአንድ ከሰዓት በኋላ በተራቆተ ተዳፋት ላይ ሲወርድ ግን አብዛኛው አፈር ይዞ ይሄዳል። በዝናብ መለኪያው መዝገብ ላይ ሁለቱም 30 ሚሊሜትር ተብለው ይጻፋሉ፤ ለገበሬው ግን አንደኛው ዝናብ፣ ሁለተኛው ጎርፍ ነው።

የዝናብ ጨርሶ መጥፋትም ቢሆን ያለፈ ታሪክ አይደለም። ከኤልኒኞ ጋር በተያያዘ በ2007 ዓ.ም. በልጉም ክረምቱም በመስተጓጎሉ በ2008 ዓ.ም. የምግብ ዕርዳታ የሚያስፈልገው ሕዝብ ብዛት 10.2 ሚሊዮን ደርሶ ነበር። መሬቱ ውሃ መያዝ ካልቻለ እንዲህ ያለው ክፉ ዓመት በመጣ ጊዜ ከቀደመው ዓመት የተጠራቀመ ርጥበት አያገኝም፤ ጉዳቱም ዕጥፍ ይሆናል።

4. የመሬቱ መራቆት

የአየር ንብረት ለውጥ ጉዳቱን የሚያደርሰው አስቀድሞ በተዳከመ መሬት ላይ ሲያርፍ ነው። የእንጦጦ ታሪክ ለዚህ ግልጽ ማስረጃ ይሰጣል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዙሪያዋ የነበረው የጥድና የወይራ ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተጨፈጨፈ። የማገዶ እጦቱ እጅግ ከመክፋቱ የተነሣ ዋና ከተማው ወደ አዲስ ዓለም እንዲዛወር እስከ መታሰብ ተደርሶ ነበር። በ1880ዎቹ መጨረሻ የገባው ባሕር ዛፍ ቶሎ በማደጉ ከተማዋን ከመዛወር አዳናት፤ ተራራውም መልሶ ለበሰ።

ሆኖም መሬት በዛፍ መሸፈኑና መሬት ውሃ መያዙ አንድ አይደሉም። በባሕር ዛፍ ላይ ዘወትር የሚቀርበው ክስ ውሃ መጣጭ ነው የሚል ሲሆን፣ በእንጦጦና በየካ ከዚህ ባልተናነሰ ሊጤን የሚገባው የቅጠሉ ጉዳይ ነው። ከዛፉ የረገፈው ቅጠል ለእንጀራ መጋገሪያ ተጠርጎ ስለሚወሰድ ከዛፉ ሥር ያለው አፈር ዕራቁቱን ይቀራል። ሣርና ቁጥቋጦም በበቂ አይበቅልበትም። ከሩቅ ሲታይ ደን የሆነው ቦታ ከቅርብ ሲታይ የተጠረገ ግቢ ይመስላል፤ የዝናቡም ጠብታ አፈሩን በቀጥታ ይመታዋል።

ቅጠሉን የሚጠርጉትና ጭራሮውን የሚለቅሙት ሴቶች ይህን የሚያደርጉት በሌላ አማራጭ እጦት ነው። ከ30 ኪሎ በላይ የሚመዝን ሸክም አጉብጧቸው ተራራውን ቁልቁል ይወርዳሉ፤ የቀን ገቢያቸውም በዚያ ሸክም ላይ የተመሠረተ ነው። ከእነርሱም መካከል ከገጠር መጥተው በከተማው ሌላ ሥራ ያላገኙ ይገኙባቸዋል። እንግዲህ በአንድ ቦታ መሬት የነሣው ሰው በሌላ ቦታ መሬትን ለማራቆት ይገደዳል። በዚህ ረገድ ጥፋተኛ ፈልጎ መቅጣት ችግሩን አይፈታውም።

በእርሻ መሬት ላይ የሚደርሰው መሸርሸር ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። በ1970ዎቹ በሰሜን ሸዋ አንዲት ጥድን ጨምሮ በልዩ ልዩ ጣቢያዎች የተጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ካስገኛቸው ግምቶች አንዱ በኢትዮጵያ ደጋዎች ከታረሰ መሬት በዓመት በአማካይ ከ1 ሔክታር 42 ቶን ያህል አፈር እንደሚታጠብ ያመለክታል። ይህም በማሳው ሁሉ ላይ ቢዘረጋ ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው አፈር ነው። ገበሬው በአንድ ዓመት ውስጥ ልብ አይለውም፤ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ግን ግማሽ ስንዝር ያህል አፈር አጥቶ ይገኛል። አፈሩ በሳሳ ቁጥር የሚይዘው ውሃ ስለሚያንስ የአሥር ቀን የዝናብ መቋረጥ ቀድሞ ያላደረሰውን ጉዳት ያደርሳል።

5. በምግብና በኑሮ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት

ጉዳቱ ወደ ቤተሰቡ የሚገባው በቅደም ተከተል ነው። በመጀመሪያ በልጉ ይቀራል፤ ገበሬው የዘር እህሉን ለምግብ ያውላል። ቀጥሎ ክረምቱ ሲዘገይ ረጅም ጊዜ የሚወስደውን ሰብል ትቶ ቶሎ በሚደርሰው ይተካል፤ ምርቱም ያንሳል። በመጨረሻም በመኸር ወቅት፣ በኅዳር ወይም በታኅሣሥ፣ ያለ ጊዜው የሚጥል ዝናብ የታጨደውን ሰብል ያበሰብሳል፤ የተከመረውንም ድርቆሽ ያሻግታል። መኖ ሲወደድ ላሟ ትሸጣለች፤ ላሟ ስትሸጥ ወተቱ ከሕፃናቱ አፍ ይቀራል።

በዚህ ጊዜ የገበሬው ተቀማጭ ገንዘብ በማሳው ዳር ያቆመው ባሕር ዛፍ ነው። አጣናውን ሸጦ እህል ይገዛል፤ ግብር ይከፍላል። ስለዚህ ባሕር ዛፍ ይነቀል የሚል ትእዛዝ ከመተላለፉ በፊት ገበሬው በክፉ ቀን ምን ሊሸጥ እንደሚችል መታሰብ አለበት።

የምግቡም ዓይነት ይለወጣል። በሸዋና በወሎ ጥቁር አፈር ላይ የሚዘራው ጓያ በድርቅም በውሃ መተኛትም የማይበገር በመሆኑ ሌላው ሰብል ሲጠፋ የሚተርፈው እሱ ነው። ነገር ግን ለወራት ብቻውን ከተበላ እግርን ሽባ የሚያደርግ በሽታ ያስከትላል። በገበያ ላይ የጓያ ዋጋ ከሌላው እህል ያነሰ መሆኑም ድኻውን ወደዚያው ይገፋዋል። አንድ የዕርዳታ ሠራተኛ «በዚህ ቀበሌ የሚበላ አለ» ብሎ ሪፖርት ከማድረጉ በፊት የሚበላው ምን እንደሆነ መጠየቅ ይገባዋል።

6. ስለ ሠፈራና ከቦታ መነሣት

በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600,000 የሚጠጉ ሰዎች ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ተነሥተው ወደ መተከል፣ ወደ አሶሳ፣ ወደ ጋምቤላና ወደ ሌሎች የምዕራብና የደቡብ ምዕራብ ሥፍራዎች ተወስደዋል። ብዙዎቹ የደጋ ሰዎች ነበሩ፤ የወረዱት ወባ ወዳለበትና ገንዲ በሬ ወደሚገድልበት ቆላ ነው። ከፈቃዳቸው ውጭ የተወሰዱ፣ ከቤተሰባቸው የተለያዩና ሕይወታቸውን ያጡ ነበሩ። ከዚያ ዘመን የተገኘው መራራ ትምህርት ሰው ከአየሩ፣ ከሰብሉና ከልማዱ ተነጥሎ በመኪና ተጭኖ የሚዛወር ዕቃ አለመሆኑ ነው።

ያ ሠፈራ ሰውን ከአየር ንብረቱ ነጠለው። አሁን የሚታየው ደግሞ ሰው በቦታው እንዳለ የአየር ንብረቱ ከእርሱ ሲለይ ነው። ገበሬው ከቀዬው ሳይወጣ በአባቱ ዕውቀት ሊያርሰው የማይችለው መሬት ባለቤት ይሆናል።

በየካ ዙሪያ ከዚህ ሌላ የከተማው መስፋፋት አለ። እንደ የካ አባዶ ባሉ ሥፍራዎች ቀድሞ የእርሻ መሬት የነበረው በጋራ መኖሪያ ቤቶች ተሸፍኗል። ጣሪያና አስፋልት ውሃ ስለማያሰርጉ ጎርፉ ይበረታል። ከመሬቱ የተነሣው ገበሬ የሚያገኘው ካሣም ከዝናቡ ጋር የተሳሰረ መሆኑ ብዙ ጊዜ አይታይም። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 ለቋሚ መፈናቀል የሚከፈለውን ካሣ የተመነው ባለፉት 5 ዓመታት የተገኘውን አማካይ ዓመታዊ ገቢ በ10 በማባዛት ነበር። እንግዲህ ከአምስቱ ዓመታት ሁለቱ የድርቅ ዓመታት ከነበሩ ድርቁ ገበሬውን ሁለት ጊዜ ጎድቶታል፤ አንደኛ ምርቱን ሲወስድበት፣ ሁለተኛ ካሣውን ሲያሳንስበት። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ስሌቱን ባለፉት 3 ዓመታት ከተገኘው ገቢ ከፍተኛውን በ15 ወደ ማባዛት ለወጠው። ይህ የተሻለ ነው፤ ሆኖም ሦስቱም ዓመታት ተከታትለው የከፉ እንደሆነ ከፍተኛው ራሱ ዝቅተኛ ይሆናል። በመሆኑም የየዓመቱ የምርት መዝገብ በቀበሌ ደረጃ በትክክል መያዙ የጽሕፈት ቤት ወግ ሳይሆን የአንድ ቤተሰብ ቀሪ ሕይወት የሚወሰንበት ጉዳይ ነው።

7. ሊወሰዱ የሚገባቸው ርምጃዎች

ሀ. የዝናብ መዝገብ ከዓመታዊ ድምር ሌላ የገባበትንና የወጣበትን ቀን፣ በመካከል ያቋረጠበትን የቀን ብዛትና በአንድ ቀን የወረደውን ከፍተኛ መጠን እንዲይዝ ማድረግ ያስፈልጋል። ማስጠንቀቂያ ሊገኝ የሚችለው ከእነዚህ እንጂ ከድምሩ አይደለም።

ለ. የእርከን፣ የክትርና የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ሥራ ሁልጊዜ ከተፋሰሱ አናት ተጀምሮ ወደ ታች መውረድ አለበት። ከታች የተጀመረ ሥራ በመጀመሪያው ብርቱ ጎርፍ ይፈርሳል፤ የሕዝቡም ጉልበት ከንቱ ይቀራል።

ሐ. ተዳፋቱን ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ መከለል ውጤት የሚያስገኘው በዚያ ይጠቀሙ ለነበሩት ሌላ መተዳደሪያ ሲገኝ ነው። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ እንደ ተመረቀ ይታወቃል፤ ተራራው ለመዝናኛ ሲከለል ማገዶ ለቃሚዋ ወዴት ትሂድ የሚለው ጥያቄ የዕቅዱ አካል መሆን አለበት። በ2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች 10 ከተሞች የተጀመረው የከተማ ሴፍቲ ኔት የተፋሰስ ልማትን ከሥራዎቹ አንዱ ማድረጉ መንገዱን ያመለክታል፤ ተራራውን ታራቁት የነበረችው ሴት ተራራውን በማልበስ ደመወዝ ልታገኝ ትችላለች።

መ. በምርጥ የእንጀራ ምድጃ የሚጋግር ቤተሰብ በሦስት ጉልቻ ከሚጋግረው ግማሽ በሚሆን ማገዶ ይበቃዋል። በከተማው ውስጥ ምድጃ ማከፋፈል በተራራው ላይ ቅጠል ማስቀረት ነው። ስለዚህ ምድጃው በአፈር ጥበቃ በጀት ውስጥ ሊገባ ይገባዋል።

ሠ. የባሕር ዛፉ መተካት ደረጃ በደረጃ ሊሆን ይገባል። በምንጮች ራስጌና በወንዞች ዳር ቅድሚያ ለጥድ፣ ለወይራና ለኮሶ ተሰጥቶ፣ ለአጣና የሚሆነው ባሕር ዛፍ ለእርሻ በማይበቃ መሬት ላይ ቢወሰን ገበሬው ተቀማጩን አያጣም።

ረ. ቶሎ የሚደርስ የገብስና የጥራጥሬ ዘር በልጉ ከቀረ በኋላ ሳይሆን አስቀድሞ በቀበሌ መጋዘን መገኘት አለበት። ለምግብ የሚላከው እህል ቢዘገይ በወር ይቆጠራል፤ ዘር ከዘገየ ግን አንድ ዓመት አለፈ ማለት ነው።

ማጠቃለያ

የዓለምን አየር ያሞቀው በአብዛኛው ከሌላ አገር የወጣ ጭስ መሆኑ እውነት ነው፤ የየካና የእንጦጦ ገበሬ ለዚያ ያለው ድርሻ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ይህን በዓለም መድረክ መናገር ይገባል። የሚመጣው ዝናብ ግን ክርክሩ እስኪያልቅ አይቆይም። ዘግይቶም ሆነ በአንድ ጊዜ ተንዶ በዚሁ ተዳፋት ላይ መውረዱ አይቀርም፤ በዚያን ጊዜ የሚጠቅመው ከሥሩ የሚያገኘው ቅጠል፣ ሣርና እርከን ነው።

ወደ ወሎ የሚሄደው የዕርዳታ ሠራተኛ እንግዲህ ካራ ላይ ሲደርስ ወደ ግራው ቢመለከት ይጠቀማል። በየካ ኮረብታ ላይ የሚታየው ጅማሬ፣ በሚሄድበት ወረዳ የሚያገኘው ደግሞ ፍጻሜ ሊሆን ይችላል። ባለሥልጣኑም ከአንድ ወረዳ የድርቅ ሪፖርት ሲደርሰው «ስንት ሚሊሜትር ዘነበ?» ብሎ ከጠየቀ በኋላ «ከዚያ ውስጥ ምን ያህሉ ቀረ?» የሚለውን ጨምሮ ቢጠይቅ፣ የእህል መኪና ከመጫኑ በፊት ሊሠራ የሚችለውን ሥራ ያገኛል።